ከሐረጎ በታች

ከባቲ ተነሥተን፣ ኮምቦልቻን አልፈን፣
ሐረጎ ወገቡ ላይ ጉም መጣና አቀፈን።
ጋሽ ሙሄ መብራቱን ዝቅ አደረገና
«ጠርዙን አሳየኝ» አለ፣ «እስቲ ውረድና»።
እጄ እጀታው ላይ፣ እግሬ ገና ሳይወርድ፣
መንገዱ ቀደመኝ፤ ጀመረ መናድ።

ኤንትሬዋ ተጋድማ፣ ሆዷን ለሰማይ ሰጥታ፣
አንድ ጎማ ይዞራል፤ ቀሪው ሁሉ ጸጥታ።
ጋሽ ሙሄ መሪውን በደረቱ አቅፎ፤
ጠራሁት፣ ጠራሁት፤ ሄዷል እኔን አልፎ።
የግራ ቅልጥሜ ሁለት ቦታ ተሰብሮ
እንደ ተቀየመ ሰው ያያል ወዲያ ዞሮ።

ከራሴ በላይ አስፋልት፤ ይሄ ነው የሚገርመው።
የመኪናውን ዓይነት በማርሹ ነው የምለየው፤
አይሱዙ፣ ሲኖትራክ፣ የማለዳ አውቶቡስ፣
ሁሉም ያልፋል ወደ ደሴ፣ ድምፄ ከዚያ ሳይደርስ።
በረሃ ይላሉ ሰው የሌለበትን፤
እኔ የማውቀው ግን ሰው የሚያልፍበትን።

ረዳት ነኝ። የረዳት እጅ ሥራ አይጠፋውም።

በጎማ መፍቻ ብረት፣ በሸራው ገመድ
እግሬን ቀጥ አድርጌ አሰርኩት በግድ፤
ጩኸቴን ሰምቶ ጦጣ ሸሸ ከጽዱ ግንድ።
የራዲያተሩን ውሃ፣ ዝገት ያቀላውን፣
በጠርሙስ ክዳን ለካሁ፣ የጧት የማታውን።
ሲያልቅ ጤዛ ላስኩኝ፣ ከሸራው ላይ ለቅሜ፤
የጣለኝ ጉም አጠጣኝ፤ ምን ልበለው ወንድሜ?
ከታች ቦርከና አለ፤ «ውሃ ነኝ» ይላል፤
እግር ለሌለው ሰው ከሰማይ ይርቃል።

ዙሪያዬን ግን ጨው ነው፣ የተቀደደ ኬሻ፣
ገደሉን አንጥቶት፣ ለዓይን የለው መሸሻ።
ሕልሜ እንኳ ይጠማል።
ቁስሌን በጨው አሸሁ፤ ያንን አልናገርም።
ትል እንዳይቀድመኝ ነው፤ ሌላ ሐኪም የለም።

ሌሊቱን ጅብ መጣ። እኔን አልፈለገም፤
ጋሽ ሙሄን ነው። ለዚያ ዓይኔን አልከደንሁም።
ብረት በብረት መታሁ፤ የሚወደውን ዜማ
አፏጨሁለትም፣ በባቲ ቅኝት፣ በጨለማ።
ሲጠይቁኝ ዛሬ «በምን ተረፍክ?» ብለው፣
«የምጠብቀው ሬሳ ነበረኝ» ነው የምለው።

ጋሽ ሙሄ ሁልጊዜ፣ ጨው በጫንን ቁጥር፣
ይቺን ተረት ሳይላት ዳገት አይጀምር፤
«ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤
አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል።»
ተወርውረን ነበር፤ እሱም፣ ጨውም፣ እኔም።

በአራተኛው ቀን ጧት ትንፋሽ ፊቴን ነካ፤
ሞቃት፣ ሣር የሚሸት። መላከ ሞት ለካ
ሣር ነው የሚበላው፣ አልሁኝ በልቤ።
ከዚያ ሻካራ ምላስ፣ ከግንባር እስከ ቅንድቤ።
አንዲት ቀይ ጊደር ናት፣ ጨው ነው የጠራት፤
ባለቤቷ ጦይባ ሁለት ቀን ያጣቻት።

ጦይባ ገደሉን በቂጧ ተንሸራትታ
እየረገመች ወረደች፣ ጊደሯን ልትመታ።
ዱላዋን አነሣች። አየችን። አወረደች።
«ያ ሰቲር!» አለችና ሻሿን ፈታች፣
የጋሽ ሙሄን ፊት ሸፈነች፤
ከዚያ ነው ለእኔ ውሃ ያቀመሰች።

አሁን ደሴ ነኝ። ሰኞ ገበያ፣
ከሽንኩርት ተራው ጥግ፣ ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ፣
ጨው በጣሳ እሰፍራለሁ፣ ባንድ እግሬ አነክሳለሁ።
ጦይባ ለከብቶቿ ስትገዛ
«ጨምርበት እንጂ፣ ቆንቋና!» ትለኛለች፤ እጨምራለሁ።
ስለዚያ ቀን ግን አውርተን አናውቅም።

ከጦሳ ጉም ሲወርድ ጣሳዬን አስቀምጬ
እስከ መንገዱ ዳር እሄዳለሁ አቋርጬ፤
ማርሽ ሲቀየር፣ ሞተር ሲያቃስት አዳምጣለሁ፤
መኪናውን አይደለም።
ከመኪናው በታች ያለውን።