በበላችበት የማትጮኽ

ጦይብ አጎቴ ነው፣ የሲኖ ሹፌር፤
ስንዴ ጭኖ ሄዶ እስከ ጋምቤላ ዳር
ሲመለስ አወጣ ከጋቢናው ሥር
በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ አንድ ቀይ ነገር።
«ቀበሮ ነው?» አለች እናቴ፣ ወደ ኋላ ሸሽታ።
«ውሻ ናት» አለ ጦይብ፣ ከረጢቱን ፈታ፤
«ከኮንጎ ጫካ ናት፣ ሁለት ድንበር አቋርጣ፣
እጄ የገባች በአሮጌ ጎማ ተለውጣ።»

ግንባሯ የተጨማደደ፣ እንደ ሒሳብ ሹም ወር ሲያልቅ፤
ጆሮዋ እንደ ጦር የቆመ፣ ወገቧ ቀጭን፣ እግሯ ረቂቅ፤
ጅራቷ ተጠቅልሎ፣ ከጎኗ ተኝቶ፣
የሙሽራ ሎቲ ይመስላል፣ ከጆሮ ወልቆ የቀረ ተረስቶ።
ሎቲ አልናት በዚያው።
እንደ ድመት እግሯን ልሳ ታጸዳለች፣
ዝናብ ካካፋ ከበረንዳ አትወጣም፣ ትኮራለች፤
በዓመት አንዴ ብቻ ወንድ ታስባለች፣
«በዚህስ ጨዋ ናት» እናቴ አለች።
ግን አትጮኽም።
ይኸው ነው ነገሩ። አትጮኽም።
ብትረግጣት ዞር ትላለች፣ ጅብ ደጅ ቢቆም ትቆማለች፣ አትጮኽም።

አባቴ ሙሔ ከጨርቃ ጨርቁ፣ ከሽመናው ክፍል፣
ሃያ ዓመት ሙሉ ጆሮውን ሲያስፈጭ ከማሽን መሀል፣
ሲደነቁር ጊዜ ዘበኛ አረጉት የጥጡን መጋዘን፤
ጎረቤት አረጋሽ በሳቅ ልትሞት ሆነ ሁለቱን ባየች ቀን፦
«ደንቆሮ ዘበኛ፣ ዲዳ ውሻ! ሌባ ይግባ ደስ ብሎት!
ውሻ በበላበት ይጮኻል ብለው ነበር አባቶች በጥንት፤
ይቺስ በልታ ዝም! በምን ልትከፍል ነው የበላችበትን ቤት?»

ሸህ ኑርዬም መጡ፣ ምርኩዛቸውን ደጃፍ አቁመው፤
«መላእክት አይገቡም ውሻ ካለበት ቤት» ብለው።
አባቴ ከንፈር አንብቦ፣ «ታድናለች» አለ።
ሸሁም ጥቂት አሰቡና፣ «ለአደን ለተገራማ ፈቃድ አለ።
ግን ታድን። እንያት።»

የጎፍ ተራራ ሥር ጃርት የሰዉን ድንች ሲጨርስ ከረመ፤
አባቴ ሎቲን ይዞ ከማሳው ዳር ቆመ።
አንገቷ ላይ የፍየል ቃጭል አሰረ፣
(አገሯም እንዲህ ነው ብሎ ጦይብ ነግሮት ነበረ፤
ድምፅ ለሌለው አዳኝ ቃጭል ነው አንደበቱ)
እሱ ግን ቃጭሉን አይሰማ፤ ስለዚህ ወሰደኝ እኔን፣ ልጅቱን፣ በሌሊቱ።
ጤዛው ሣር ውስጥ ትሰምጣለች፣ ትዘላለች እንደ ፌንጣ፤
«የት ደረሰች?» ይለኛል። ጣቴን እቀስራለሁ፣ ቃጭሉ ከቁልቋሉ ጀርባ ሲመጣ።
እሷ አንደበት የላት፣ እሱ ጆሮ፤
እኔ የዘጠኝ ዓመት ሽቦ፣ በሁለቱ መሀል ተወጥሮ።
በሦስተኛው ሳምንት ጃርት ያዘች። እሾሁ አፍንጫዋን ሲያገኝ
ድምፅ አልወጣትም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ደሴ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፣ ሆጤ አካባቢ፤
ሰውየው ወሬ አዋቂ፣ ብዙ አንባቢ።
እሾሁን በወረንጦ እየነቀለ፣
«በግብፅ መቃብር ግድግዳ፣ ከጌቶች ወንበር ሥር ተስለው
እንዲህ ያሉ አሉ፣ ጅራታቸውን ጠቅልለው።
ዘሯ ከዚያ ይሁን ከጫካው፣ ማን ያውቃል አጣርቶ?» አለ።
እኔ አሰብኩ፦ የኛ ቦርከና ግብፅ አይደርስ፤ አዋሽ ገብቶ
በረሃ ይቀራል፣ ጨው ላይ ተደፍቶ።
እሷ ግን ወንዝ ሳትከተል መጣች፣ በሲኖ፣ በከረጢት።

አንድ ሌሊት፣ የፋብሪካው ሳይረን ለፈረቃ ሲነፋ፣
ሎቲ አንገቷን አቃናች፣ ጉሮሮዋ ሰፋ፤
ወጣ፦ ግማሹ ሳቅ፣ ግማሹ እንጉርጉሮ፣
ልክ እንደ ጅራቷ የሚጠቀለል፣ ዞሮ ዞሮ።
አባቴ መዳፉን ደረቷ ላይ አሳርፎ ነበር፤
ዐይኑ ፈጠጠ። «ሰማሁ!» አለ፣ እጁን ሳያነሣ፣ እንደ ልጅ ሲያፍር።
«ጮኸች?»
ራሴን ነቀነቅሁ።
«አለቀሰች?»
ነቀነቅሁ።
«ታዲያ ስሙ ምንድነው?»

ስም ፈለግሁለት ያን ሌሊት፣ እስከ ንጋት፤
በኋላም ትምህርት ቤት፣ ከመዝገበ ቃላት፤
ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው ዛሬ፣ አላገኘሁለት።

አረጋሽ በማለዳ፣ ከአጥሩ ማዶ፦
«ማነው ሌሊቱን የዘፈነው? ሙሔ ነው?»