ስድስት ፍሬ ስንዴ

ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ባንዲት ክፍል ሱቅ፣
ከሚዛኔ ሣጥን ኋላ፣ ከግድግዳው ስንጥቅ፣
ሁለት ነጭ እንቁላል፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የማይልቅ።
አላምረው መጥረጊያ አንሥቶ «ልጥረገው ጋሼ?» አለኝ።
«ተወው» አልኩት። ለምን እንደሆን ዛሬም አልገባኝ።

ሁለት ወር ግድም ሲሆነው አንዱ ደርቆ ቀረ፤
ሌላው በጥር ንጋት ቅርፊቱን ሰበረ።
እንሽላሊት ነበረች፣ የክብሪት እንጨት የምታህል፤
ሆዷ ከመሳሳቱ የፋኖስ ብርጭቆ የሚመስል።

ጉትቻ የማሳይበት የመስታወት ሣጥን ነበረኝ፣
ወርቅ ከተወደደ ወዲህ ባዶውን የሚታዘበኝ።
እርጥብ ጨርቅ አነጠፍኩ፣ የዛፍ ቅርፊት ጣልኩበት፣
አምፖል አንጠለጠልኩ፣ ብርዱን እንድትረሳበት።

ከዚያ መዘንኳት።
የግራሙ ክብደት ከበዳት፣ ሳህኗ ፍንክች አላለም፤
ከጓዳ ስንዴ አስመጣሁ፣ ሌላ ብልሃት አልነበረም።
በስድስተኛዋ ፍሬ ላይ ረጋ የሚዛኔ ምላስ፤
ደረሰኝ ገልብጬ ጻፍኩ፣ እርሳሴን በምራቅ ሳርስ፦

«ሰኞ። ስድስት ፍሬ ስንዴ።»

ሦስት ቀን ምንም አልበላች፤ ትንኝ ባቀርብ ዞር አለች፤
በአራተኛው ቀሚሷን አውልቃ እሱኑ ዋጠች።
ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት!
የበሰበሰ ሙዝ ከመስኮት ሥር፣ ትንኝ እንዲሰበሰብ፤
ከማንጎው ሥር ምስጥ ቆፈርኩ፣ ለዕለት የሚበቃ ቀለብ።
በሁለት ዓይኗ መካከል ካለው ስፋት የበለጠ
ጉርሻ እንዳልሰጥ ተማርኩ፣ አንዴ አንቋት ስላስደነገጠ።
የእንቁላል ቅርፊት ወቀጥኩ፣ አጥንቷ እንዲጠና ብዬ፤
ትንኙን ዱቄት አልብሼ አቀረብኩ በወረንጦዬ።
ውሃ ከሳህን አትጠጣም፤ መስታወቱን ረጭቼ
ጠብታውን ስትልስ አያለሁ፣ ሥራዬን ሁሉ ትቼ።

«ሁለተኛ ሳምንት። ሰባት።
አራተኛ። ዘጠኝ ተኩል፤ ግማሿን ስንዴ በጥርሴ ከፈልኳት።
ስድስተኛ። አሥራ ሁለት። ጭራዋ ወፍሯል፣ ስንቅ ነው መሰለኝ።»

በስምንተኛው አላምረው ሊይዛት ብሎ ጭራዋን አስቀራት፤
ጭራው ብቻውን ሲዘል ልጁን ላብ አጠመቀው በፍርሃት።
እኔ ግን ሁለቱን በየተራ ሳህኑ ላይ አኖርኩ፤
«እሷ አሥር፣ ጭራዋ ሁለት» ብዬ ለየብቻ ጻፍኩ።
አንጥረኛ ጉድለት አይደብቅም።
ይደብቃል ይሉናል እንጂ።

ሌላም ይሉናል።
በደጄ የሚያልፉ እናቶች ልጃቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፤
«ያንጥረኛ ዓይን አያግኝህ»፣ ጮክ ብለው አይሉም፣ ግን ይላሉ።
አባቴም እንዲሁ ኖረ፣ ያየው ሁሉ ይከሳል ተብሎ፤
የሰው ሕፃን ሳይስም ሞተ፣ ዓይኑን ከመሬት ተክሎ።

እትዬ እንደግ መጣች፣ ቀለበቷ ጣቷ ከስቶ ሰፍቷት፤
«በወርቅ ሚዛን ተሳቢ!» አለች፣ ሳህኑ ላይ ያለችው ዘግንናት።
ወረቀቱን አሳየኋት። ፊደል አታነብም፣ ቁጥር ግን ታውቃለች፤
ስድስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ ተኩል… በጣቷ ወደ ታች ወረደች።
«ይህን ሁሉ ቀን እያየሃት?»
«በየቀኑ። ጧትና ማታ።»
ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ስታስተካክል ቆየች።
በማግስቱ የልጅ ልጇን አዝላ በደጄ አለፈች፤
ሸፍናው ነው ወይ ብትሉኝ፣
ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ፣ አላየሁም።

እንሽላሊቷ ግን ቆብ የለሽ ዓይኗን በምላሷ ጠርጋ
ትመለከተኛለች ፊት ለፊት፣ ከዓይኔ ሳትሰጋ።
ሽፋሽፍት የላት የምትከድነው፣ ነጠላ የላት የምትሸሸግበት፤
እያየኋት ወፈረች እንጂ፣ ምን ጎደለባት?

በሰኔ መባቻ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ፣
ሃያ አራት ስንዴ ሞላች፤ ፍሬውን አራግፌ ባንድ አፍታ
የግራሙን ክብደት መለስኩ። እኩል ቆመ።
«አንድ ግራም» ብዬ ስጽፍ እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።
የክዳኑን ነገር ማን እንደረሳው እንጃ፣ ሌሊቱን ተገለጠ።

«ማክሰኞ። አልተመዘነችም።
ረቡዕ። አልተመዘነችም። ከበሩ ጉበን በላይ ጭክ፣ ጭክ የሚል ድምፅ።
ሐሙስ። አምፖሉን አላጠፋሁም። ትንኝ በዝቷል።»