እስከ ስድስት ሰዓት

መኪናዋ የኪራይ ናት፤ በሯ ሲዘጋ ያስነጥሳል፣
ሦስተኛው ማርሽ እንደ ግትር በቅሎ ሁለቴ ተለምኖ ይገባል።
ቤንቪንዳ የደሴቱን ካርታ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ
«ወደ ግራ» ትላለች፣ መገንጠያው ካለፈ በኋላ ቆይታ።
ከዚህ ሌላ ወሬ የለንም። ከወደቡ ከተማ ከወጣን ጀምሮ
ዝምታችን ኋላ ወንበር ተቀምጧል፣ ከድስቱ ጋር ታስሮ።

ድስቱ የእናታችን ነው፤ አንድ ጆሮው በሽቦ ተጠግኗል፤
ውስጡ የአሳማ ጎድን፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ስኳር ድንች ተደርድሯል።
ሌሊት እኔ ስልጥ፣ እሷ ስትከትፍ፣ ቢላዋ ብቻ ነበር የተናገረ፤
የቤቱ ነገር ግን፣ ይሸጥ አይሸጥ፣ እንደ አጥንት ጉሮሯችን ላይ ቀረ።

ቁልቁለቱን ስንጥመዘዝ ሽታው ቀድሞን መጣ፤ ድኝ፣ የከረመ እንቁላል፤
እሷ መስኮት ዘጋች፤ እኔ ከፈትኩት። «ይኼም ያጣላል?»

ፉርናስ። ጎህ ሲቀድ፣ ከሐይቁ ዳር፣ መሬቱ ይተነፍሳል፤
ጭቃው እንደ ገንፎ ይንተከተካል፣ የጫማችን ሶል ይሞቃል።
ጓልተር ጠበቀን፤ ቅንድቡ በእንፋሎት ርሶ፤
ሠላሳ ዓመት ድስት ቀብሯል፣ ከአባቱ አካፋውን ወርሶ።
«ሰው ቀባሪ ይለኛል» አለ፣ «እኔ ግን የቀበርኩትን ሁሉ አውጥቻለሁ፤
አንዱንም ለአፈር አልተውኩም፤ ቄሱን በዚህ አበሽቀዋለሁ።»

ድስቱን በጨርቅ ጠቀለለ፣ ገመድ አሰረ፣ ጉድጓዱ ውስጥ አኖረ፣
ክዳን ገጠመ፣ አፈሩንም መልሶ ከመረ።
ከዚያ ጠመኔ ከኪሱ፣ ትንሽ ሳንቃም ከብብቱ፤
«ድስት ከድስት እንዳይማታ ስም እንጽፋለን። የማን ነው ቤቱ?»

ይህንኑ ጠይቆን ነበር ጠበቃው፤ የመለስነው በጩኸት ነበር ያኔ፤
አሁን፣ ከስንት ሳምንት በኋላ፣ የእህቴ ዓይን መጣ ወደ ዓይኔ።
«የዶና ኤርሜሊንዳ» አለች፤ ከልቧ በፊት ምላሷ ቀደማት፤
ጓልተርም ጻፈ፣ ፊደል እየጎተተ፤ አያውቅም በመጋቢት ሌላ አፈር እንደወሰዳት።

ጉብታ። ሳንቃ። ስሟ። እንፋሎት።
ኮፍያዬን አወለቅሁ፤ ማንም ሳያዘኝ፣ ሳላስብበት።

በቀብሯ ዕለት «አፈሩ ይቅለላት» ብለን ነበር፣ ወጉን አድርሰን፤
ዝናብ ነበር። ክብደቱ ሳይሆን ብርዱ ነበር ያስለቀሰን።
እዚህ ግን መዳፌን ጉብታው ላይ ባሳርፍ እንደ ልጅ ግንባር ሞቀኝ፤
«ነይ ንኪው» አልኳት። ነካች። ቆይታ፣ «ያን ሹራቧን ልናለብሳት ይገባ ነበር» አለችኝ።

በአሥራ ሁለት የተቀበረ በስድስት ይነሣል። ሐይቁን ዞርን፣ መኪናው ውስጥ አንቀላፋን፤
ከቧንቧው ብረት ብረት የሚል ውሃ ጠጣን፤ ስለ ቤቱ አላነሳን።
አንዲት አሮጊት ከሚፈላው ምንጭ በቆሎ በጆንያ አውጥታ ሸጠችልን።
«ይህ ምድር ቢቆጣ አትፈሪም?» አልናት።
«የማይቆጣ ጎረቤት የት አለ? ይሄኛው ቢያንስ እሳት አይነፍግም» አለችን።

እኩለ ቀን ላይ ጓልተር መጣ፤ ሁለት ሰው፣ ረጅም መንጠቆ፤
አፈሩ ተገፈፈ። ገመዱ ተሳበ። ድስቱ ወጣ፣ ነጭ እንፋሎት ታጥቆ።
«ዶና ኤርሜሊንዳ!» ብሎ ተጣራ፣ ባለቤቷ ትቅረብ ብሎ፤
ልቤም ከኋላዬ እርምጃ ጠበቀ፤ ሞኝ ልብ፣ ተታልሎ።

ማንም አልመጣም።
ቤንቪንዳ ደህናውን ጆሮ ያዘች፣ እኔ በሽቦ የተጠገነውን፤
ያቃጥል ነበር። ይከብድ ነበር። ተሸከምነው፣ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሳውን።

ስንመለስ መኪናዋ ድኝ ድኝ፣ ጎመን ጎመን ሸተተች። እንዳለ ነው ነገሩ፣ እንዳለ ነው ቤቱ።
ሳንቃውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ «ወደ ግራ» አለች፤ አሁን በሰዓቱ።
እኔ በበኩሌ አልፌው ሄድኩ።