ከለላ

በጥር ወር ኬሚ ላይ ባሕሩ ይረጋል፣
ዓሣ አጥማጅ በመሮ ወለሉን ይበሳል፤
ጀንበር ብቅ ብላ ሰው ገና ሳያያት፣
ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ጨለማ ዋጣት።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ ኢርያ ላውካ ትጋልባለች፣
የትም የማይሄድ ብስክሌት ላይ ቁጭ ብላ ትረግጣለች።
ቋ…
ቋ…

ሠላሳ አንድ ዓመት ወደብ ላይ፣ ክሬን ጫፍ ላይ ነው የኖረች፣
ጥቅል ወረቀት እንደ ሕፃን አቅፋ መርከብ ሆድ ውስጥ ያስተኛች።
ዛሬ ጉልበቷ ብረት ነው፣ ሐኪም ቀዶ የቀየረው፤
«በቀን ሃያ ደቂቃ ርገጪ፣ አለዚያ ይደርቃል» ያለው።
ብስክሌቱን ከማታውቀው ሰው በርካሽ ዋጋ ገዛች፤
ገና በሳምንቱ ጠላችው።
ላብ አለ፣ መንገድ የለም፤ ድካም አለ፣ መድረሻ የለም፤
ያው መስኮት፣ ያው የቆመ ክሬን፣ ያው የማይቀልጥ ዓለም።

አንድ ቀን ሃያው ደቂቃ አላልቅ ብሏት፣ ትዕግሥቷ ቀድሞት ሲያልቅ፣
ወረደችና አቀመሰችው፣ በደህናው እግሯ፣ አንዴ፣ ጥርቅ!
የቀኝ ጎኑ ከለላ፣ ያ ጥቁሩ ፕላስቲክ፣
ከላይ እስከ ታች ተተረተረ፣ ይዞ የወንዝ መልክ።
ከዚያን ዕለት ጀምሮ ነው ቋ ማለት የመጣው፣
መዘውሩ በዞረ ቁጥር ስንጥሩ እየነካው።

ፕላስተር ለጠፈችበት፤ ሁለት ቀን ይዞ ተላጠ።
አዲስ ከለላ አዘዘች፤ ባሥራ አንደኛው ቀን መጣ፤
ቀዳ አየችው፦ የግራው ነው! ካፏ ክፉ ቃል ሳይወጣ፣
መልሳ ጠቀለለችው።
ልጇ ከኦውሉ ደወለ፣ «ሰው ልላክልሽ» ብሎ፤
«ባርባ ቶን ስጫወት የት ነበርክ?»
ስልኩ ተዘጋ ቶሎ።

የቀኙ የመጣ ዕለት ሰባት ብሎን ፈታች፣
በሰርዲን ቆርቆሮ ክዳን በተራ ደረደረች፤
ካቻቢቴዋን በጥርሷ ይዛ አሮጌውን አነሳች።
ውስጡ፣ ማን ያስብ ነበር?
አንድ የልጅ ፀጉር መቆንጠጫ፣ ሐምራዊ፣ የማታውቀው ሰው አገር፤
ቺንጋው ዙሪያ ደግሞ ተጠምጥሞ፣ ቢጫ የውሻ ፀጉር።
የሩሱ ነው። ከሞተ እንኳ ሦስተኛ ክረምቱ፣
ስንቴ ጠርጋ፣ ስንቴ ወልውላ ጠፋ ያለችው ከቤቱ፤
ለካ መዘውሩ ከወለል ሥር፣ ከምንጣፍ ስንጥቅ እየሳበ፣
አንድ ባንድ፣ ክር ባክር፣ እሷ ስትረግጥ ሰበሰበ።
ልትጥለው ብላ እጇን ዘርግታ፣
ኪሷ ከተተችው፤ ለራሷም ሳትነግራት፣ በዝምታ።

አዲሱ ልክ ገባ። ጠቅ አለ። ብሎኖቹን አጠበቀች።
ወጣችና ረገጠች።
ምንም።
በረዶ ላይ በረዶ ሲወርድ እንኳ ይሻላል ድምፁ፤
ሃያው ደቂቃ ተንሸራቶ አለፈ፣ ሳይታወቅ መጨረሻው መነሻው ራሱ።

ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ማታ፣
በሯ ተንኳኳ፤ ሁለቴ፣ በፈራ ጣት፣ በቀስታ።
ሬይማ ነው፣ የታችኛው ፎቅ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣
አሳንሰር ውስጥ ከጫማው ጋር ብቻ ነበር ውሉ።
«ድምፁ ነው? ጠግኜዋለሁ» አለች አስቀድማ፣
«ከእንግዲህ ከጣራህ በላይ ኮሽታም አይሰማ።»
ኮፍያውን በእጁ አዞረው፤ የበሩን ደፍ አየ፤
«እሱን ነው» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። ቆየ።
«አሥር ሰዓት ላይ ቋ ይል ነበር። ሰዓቴን በሱ ሞላሁ።
ሲጠፋ፣ ማክሰኞም፣ ረቡዕም… እኔ እንጃ… ልይ ብዬ መጣሁ።»

«ደህና ነኝ።»
«ደህና» አለና ወረደ፤
በኮቴው ልክ የደረጃው መብራት ጠፋ፣ ደግሞ ነደደ።

ኢርያ ብስክሌቱ ፊት ቆመች፣
አዲሱን ከለላ፣ ጭረት የሌለውን፣ በመዳፏ ዳሰሰች።
ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ከታች ያለችዋን፣ ለዓይን የማትታየዋን፣
ግማሽ ዙር ብቻ አላላቻት፣ ሰባተኛዋን።

ተቀመጠች። የብረት ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች።
ቋ…
ቋ…
ከሥሯ፣ ወንበር ሲጎተት ሰማች።