መርፌው የለካው

ኩህሞ ደረስኩ በጥር፣ ሐይቁ ድንጋይ ሆኖ፣
ጭስ በሳውናው ጣራ ቀጥ ብሎ ገንኖ፤
በሻንጣዬ ሰዓት መሰል መለኪያ ነበረ፣
መርፌው ከዜሮ ላይ አፍሮ ያቀረቀረ።
ከዩኒቨርሲቲ የተሰጠኝ ሥራ
ሁለት መስመር ነበር፣ ብዙም የማያኮራ፦
ዋግምት ሲታገም ቆዳ ስንት ይሳባል፣
ከየትኛው ቁጥር በላይስ ይጎዳል?

ኦሉ ቤተ ሙከራ በፓምፕ አይተነዋል።
በሜርኩሪ ልክ ሦስት መቶ ሲሞላ፣ ቆዳው ይጠቁራል፣
ጥቂት ካቆዩትም ውሃ ይቋጥራል።
አንድ ተማሪማ፣ «ጎበዝ ነኝ» ያለ ለት፣
እንጆሪ የሚያህል እብጠት ወጣበት፤
የሥነ ምግባር ኮሚቴው ደብዳቤ ጻፈብን፣
ፓምፑን ለሁለት ወር ሣጥን ውስጥ ቀበርን።

ኢልማ ግን ፓምፕ የላት፤ ያላት የላም ቀንድ፣
ጫፉ የተበሳ፣ ወዙ እንደ በርች ግንድ፤
በአፏ ትስበዋለች፣ ጉንጯ እስኪጎደጉድ።
«ኢልማ» በቋንቋችን አየር ማለት ነው፤
እሷም ስልሳ ዓመት ከቀንድ የመጠጠችው።

ቀንዶቹን ቀቅላ፣ በነጭ ጨርቅ ደርድራ፣
የአንዱን ለሌላ ሰው አታውልም ደፍራ።
ደግሞም ትጠይቃለች፦
«የልብ ክኒን አለህ? ደም የሚያቀጥን?
ትናንት ጠጥተሃል? በልተሃል አሁን?»
ታኔሊ፣ የግንድ መኪና የሚነዳው ሹፌር፣
ክኒኑን ደበቀ፣ ወገቡን ሲናገር፤
ከኮቱ ኪስ አውጥታ ፊቱ አስቀመጠች፣
«ሂድ፣ ሐኪም ይፍቀድልህ» ብላ አሰናበተች።
በቅጼ ላይ ይህ ሰው «ከጥናቱ ወጣ» ይባላል፤
በእሷ መዝገብ ግን፣ ያው፣ እስከ ዛሬ ይነዳል።

መለኪያዬን ሰካሁ፣ ከቀንዱ ጎን በቱቦ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሳበች። መርፌው ተንደርድሮ
ሁለት መቶ ላይ ቆመ፣ እንደ ዘብ ተገትሮ።
በሌላው ሰው ሁለት መቶ። በሦስተኛውም ያው።
አርባ ጀርባ ለካሁ፤ ልዩነቱ ኢምንት ነው።
«ማን ነገረሽ?» አልኳት፣ «ልኩ ይሄ መሆኑን?»
«ቆዳው ይነግረኛል፤ አንተ ስማ ቁጥሩን።»

(ፓምፕ ጉንጭ የለውም። ፓምፕ አይደክመውም።
ይህን ጻፍኩ፤ ፕሮፌሰሩ ግን አልወደደውም።)

በየካቲት መጣሁ። መቶ ሰማንያ አምስት።
ቱቦው ያፈሳል ብዬ በአዲስ ለወጥኩት።
በመጋቢት መቶ ስልሳ። ዘይት ቀባሁት መርፌውን፣
ለፋብሪካው ጻፍኩ፣ ከሰስኩት ዕቃውን።
ማታ በሆቴሉ ነጥቦቹን ስደረድር
ቁልቁል ወረደልኝ አንድ ቀጭን መስመር፤
የሰዎቹ ጀርባ አልተለወጠም፣
ቀንዱም ያው ቀንድ ነው፣ ቱቦውም አያፈስም፤
ታዲያ የሚጎድለው… እስክሪብቶዬን ጣልኩ፤
ከአርባ ጀርባ መሃል አንድ ሳንባ አነበብኩ።

በማግስቱ ሄድኩ። አፌን ሳልከፍት ገና፣
«መርፌህ አሳበቀ?» አለች፣ ከማገዶዋ ቀና።
«ወናፉ ነው ያረጀው። ከገና ወዲህማ
ሳውናው ድረስ ስሄድ ፉጨቴ ሲሰማ
ውሻው የጠራሁት መስሎት ይመጣል።
ለእሱም አልነገርኩት። ደስ ብሎት ይሮጣል።»

ከዚያ ቀንዱን ሰጠችኝ፣ ጀርባዋን አዞረች።
«ሳብ» አለች። ሳብኩኝ። «ቀስ» አለች፤ ሳቀች።
መርፌው ዘለለ መሰል፤ እኔ አላየሁትም፣
ያን ቀን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቁጥር አልጻፍኩም፤
ዓይኔ ቆዳዋ ላይ፣ ጉንጬ እየደከመ፣
«በቃ» ልትል ስትል ቆዳዋ ቀደመ።

ሪፖርቱ ታተመ። በሠንጠረዥ አራት
የመጨረሻው ረድፍ፣ መቶ ሠላሳ ሁለት፣
«ይህ ከሌላው ይርቃል፤ ይሰረዝ» ቢሉኝም
ስህተት አይደለምና አልሰረዝኩትም።
ከግርጌ፣ በትንሹ፣ እንዲህ ጽፌያለሁ፦
«መለኪያው ትክክል ነው። እኔ አይቻለሁ።»