የመመለሻ ሰዓት

ነዳጁን የሞላሁት እኔ ነኝ።
መቶ ሰማንያ ሊትር፣ እስከ አንገቱ፣
በጨርቅ አጣርቼ፣ ውሃ አለመኖሩን በብርጭቆ አይቼ በጠዋቱ።
መዝገቡ ላይ አለ፤ ጽሑፉም የእኔ፣ ፊርማውም የእኔ፦
የአንበጣ መርጫ አውሮፕላን። አብራሪ፣ ካፒቴን ዳኜ።
መነሻ፣ አሥራ ሁለት ተኩል።
መመለሻ፣
እዚህ ላይ ባዶ ነው።

ውርርድ ነበረን።
እኔ "የአዳማ ነፋስ ከሦስት ሰዓት በፊት ይነሳል" ስል፣
እሱ "ዛሬስ ተኝቷል፣ ዝም በል፣ እንዳትቀሰቅሰው" ሲል፣
ሃምሳ ሃምሳ ብር አስያዝን።
የብርጭቆውን አተላ አፈር ላይ ደፋና
"ብሬን አዘጋጅተህ ጠብቀኝ" አለና
ሄደ።

ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሲሆን የመጋዘኑ ቆርቆሮ ተንጫጫ፣
የጋሪው ፈረስ ጆሮውን አቆመ፣ አቧራ ተነሣ ከመንደሩ መውጫ፣
ከኮረብታው ጫፍ ያ ሁሉ ነጭ ተርባይን መዞር ጀመረ፤
ስንት ፕሮፔለር ነው፣ ሲሽከረከር ውሎ አንዱም ያልበረረ!
ውርርዱን አሸነፍኩ።

ነዳጅ ሂሳብ ነው፤ አያባብልም።
በሰዓት አርባ አምስት ሊትር። አራት ሰዓት፣ ከዚያ አይዘልም።
አራት ተኩል ሲሞላ፣ የትም ይሁን የት፣ ሰማይ ላይ እንደሌለ
ያወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሌላው ገና "ይመጣል" እያለ።

ከዚያ ፍለጋ ሆነ።
ከወንጂ አገዳ ቆራጮች በትራክተር ተጭነው መጡ፣
ከወለንጪቲ ሚሊሺያዎች፤ ጋሪ ነጂዎች ፈረስ ፈትተው ወጡ፤
አንድ የከረዩ ግመል ጠባቂም፣ ቦሩ፣ ከሁላችን የፈጠነ፣
"ግመሌ ስትጠፋ የማላውቀው ሰው ፈልጎልኛል" ብሎ ከፊት የሆነ።

የቦሰት ድንጋይ ጥቁር ነው፣ ምላጭ ነው፣
የከተማ ጫማ በግማሽ ቀን ይበላል፤
ድንጋዩ ሲያልቅ ግራር፣ ግራሩ ሲያልቅ ገደል፣
ገደሉ ሥር ሌላ ድንጋይ ይጠብቃል።
የሚያብረቀርቅ ባየን ቁጥር ሮጥን፤
አንዴ የማዳበሪያ ጆንያ፣ አንዴ የጣራ ክዳን፣
አንዴ ምንም፣ ፀሐይ ብቻ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስታታልለን።

ከሰል የምታከስል ሴት አገኘን፣ አያንቱ ትባላለች።
"ሰምቻለሁ" አለች።
"ሲጮህ ነበር፤ ከዚያ እንደ ክር ተበጠሰ።"
በየት በኩል?
በአገጯ ምሥራቁን አሳየች፣ ቆይታ ደቡቡን፣ ቆይታ ትከሻዋን ሰበቀች፤
"ይሄ ተራራ ድምፅ ይመልሳል፤
ሰው ሲመልስ ግን አላየሁም" አለች።

በአምስተኛው ቀን ሄሊኮፕተሩ ሄደ።
(ነዳጅ የቀዳሁለት እኔው ነኝ።)
በዚያው ቀን ቦሩ ጎንበስ አለ።
የሞተ አንበጣ።
አንድ አይደለም፣ ሺህ አይደለም፤ መስመር ነው፣
ሃያ ክንድ ስፋት፣ እንደ እርሻ ትልም የቀና፣
ጫፍ ደርሶ ዞሮ የሚመለስ እንደገና።
የዳኜ የእጅ ጽሑፍ!
እኔ ወረቀት ላይ የምጽፈውን እሱ ምድር ላይ በመርዝ የጻፈው።

እያነበብን ሄድን፣ ደረቅ ክንፍ እየረገጥን፤
አንደኛው ረድፍ፣ ሁለተኛው፣ አምስተኛው ላይ ደረስን።
ስድስተኛው ወደ ተራራው ዞረ፤
መሐል ላይ ተጣመመ። ሰዓቱን አውቀዋለሁ፤ ነፋሱ ያኔ ነው የጀመረ።
ከዚያ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣
አንበጣው በሕይወት ነበረ።
ግራር ይበላል። ሲበላ ይሰማል።

"ዳኜ!" አልን።
ተራራው መለሰልን፤ ሦስት ጊዜ፣ አንድም ሳይጨምር።

ገደሉን በገመድ እየወረዱት ነው። ቦሩም ከነሱ ጋር ነው።
አለቃዬ "ዓምዱን ዝጋው፣ ሰረዝ አድርግበት" ይለኛል፤
እስክሪብቶ የለኝም እለዋለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ይወጋኛል።

ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ፣
በርሜሉ ላይ ሃምሳ ብር አኖራለሁ፣ ድንጋይ እጭንበታለሁ፤
"ዛሬ ነፋስ አይነሳም" ብዬ በእሱ ወገን እወራረዳለሁ።
ሁለት ሰዓት ከአርባ።
ከአርባ አምስት።
ቆርቆሮው ይንጫጫል።