ልብ አንጠልጣይ

ቫልፓራይሶ ላይ፣ ከወደቡ ጫፍ፣
ሥራዬ ማንጠልጠል፣ ሰው በገመድ ማሳለፍ፤
አንዷ ሣጥን ስትወጣ ሌላዋ ስትወርድ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓይኔ ከዚያው ገመድ።
በሁለት ጉዞ መሐል እፎይታው አጭር ነው፣
ጥቂቷን ደቂቃ በንባብ ነው 'ምገፋው።

ኢስሜኒያ አለች፣ ከታች ከበሩ ሥር፣
አሮጌ ልብ ወለድ በሳንቲም 'ምታበድር፤
ሽፋኑ ላይ ሽጉጥ፣ ግድግዳ ላይ ጥላ፣
ገጹ ዘይት የጠጣ፣ አንዱ ምሳ ሲበላ።

ባለፈው ማክሰኞ አንዱን ወሰድኩና፣
ሰባተኛው ገጽ ላይ ደርሼ ነበር ገና፣
በኅዳጉ፣ በእርሳስ፣ በተንጋደደ ፊደል፣
አንድ እጁ ይቆረጥ "ገዳዩ ሐኪሙ ነው" ብሎ ጽፎ ኖሯል።

ገመዱ የተበጠሰ መሰለኝ በላዬ።
ለምሳ ሲደወል ወረድኩ መጽሐፉን አዝዬ፤
"ሳንቲሜን መልሺልኝ! ይሄ እንቁላል ተበልቷል፤
ቅርፊቱን ሰጠሽኝ፣ አስኳሉ ወጥቷል።"
ቀና እንኳ አላለችም፣ መቁጠሯን አልተወች፤
"ለማወቅ ነው 'ምታነብ?" ብላ ዝም አለች።

አኩርፌ ተመለስኩ። ሌላ መጽሐፍ የለኝ፣
ዝናቡ አላባራ፣ ሰውም አልመጣልኝ፤
ኮሶ እንደሚጠጣ ፊቴን አጨፍግጌ
ስምንተኛውን ገለጥኩ፣ መብራቱን ጠጋ አድርጌ።

መርማሪው ቶሌዳኖ ሆዳምና ፈሪ፣
ሬሳ ፊት ቆሞ እንኳ የእራት ተመራማሪ፤
አንዱን ጫማ ሲወለውል ሌላውን አይነካ፣
ምክንያቱን ሳልሰማ መቶ ገጽ ሄድኩ ለካ!

ተራኪዋ ደግሞ የሟቹ አገልጋይ፣
"እኔ" ባለች ቁጥር ከጎኔ የምትታይ፤
"ሁሉን ነገርኩህ" እያለች አንዷን ትደብቃለች፣
ሠላሳ ገጽ አልፋ መንገዴ ላይ ትጥላለች፣
ሳታውቀው እንደወደቀ መሐረብ።
አነሣለሁ። እከተላለሁ። ሞኝ ነኝ፤ ይሁን።

ሐኪሙንም ቢሆን አየሁት ሲመጣ፣
ባርኔጣውን ሲያወልቅ፣ ሻይ ቀርቦለት ሲጠጣ፤
እንደሚገድል አውቃለሁ። እሱ ግን ገና አላወቀም።
ስኳሩን ሲያማስል እጁ አልተንቀጠቀጠም።
"ሽሽ!" ልል ቃጣኝ። ለማን? ለሟች? ለገዳይ?
ከሁለቱም ጋር ነኝ፣ መሐል ላይ ተንጠልጣይ።

ለካ እጄ ፍሬኑን ስቦት፣ እኔው ረስቼ፣
መቶ ሠላሳኛው ገጽ ላይ አንገቴን ደፍቼ፣
ዶኛ ፕሩደንሲያ፣ ከነዘንቢሏ ዓሣ፣
ሰማይ ላይ ቀርታለች፣ ቁጣዋ ሲነሣ።
ደወሉን ሦስቴ ደውላ፣ ኋላ በጫማዋ ደብድባ፣
ስትወርድም አልማረችኝ፤ እናቴን ጨምራ ተሳድባ።

ሲነጋ መለስኩት። ኢስሜኒያ አልጠየቀችኝ።
እርሳሷን ከጆሮዋ አውርዳ ሰጠችኝ።
እርሳሱን አየሁ፤ እሷን አየሁ፤ እጇን፤
በደብተሯ ላይ የተንጋደደ ቁጥሯን።
ምንም አላልኩም። ከዚያ ጽሑፍ ግርጌ
"አውቄም አነበብኩ" ብዬ ጻፍኩ፣ ፊደሌን አንጋድጄ።

አንተስ ምን ቸገረህ? ሐኪሙ ነው፤ ይኸው፣ ውሰድ።
የአንድ እግር ጫማውን ምሥጢር ግን፣
ሳንቲም ይዘህ ውረድ።